የፖላንድ የገጠር ጥልፍና የካሹብያ መምህራን

የፖላንድ የገጠር ጥልፍ በሚወሳበት ጊዜ ከጥንት ሳይለወጥ የተወረሰ ጥበብ ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ነው። የታሪኩ ሂደት ግን ከዚህ ይለያል። አገሪቱ ከ1795 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በፕሩሲያ፣ በኦስትሪያና በሩሲያ ተከፋፍላ ትገዛ ነበር። በኦስትሪያው ክፍል በ1848፣ በሩሲያው ክፍል በ1864 ገበሬው ከገባርነት ነፃ ሲወጣ ጥቂት ገንዘብ መያዝ፣ የፋብሪካ ጨርቅና ባለቀለም ክርም ከገበያ መግዛት ጀመረ። ዛሬ የጥንት መስሎ የሚታየው ያሸበረቀ የበዓል ልብስ በአብዛኛው የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። በክራኮቭ አካባቢ የሴቶች ሰደርያ በጨሌ ተሸፈነ፤ በዎቪች ጽጌረዳ በዛ። በደቡብ ተራሮች፣ በፖድሃሌ፣ ጥልፉ የወንዶች ልብስ ሰፊዎች ሥራ ነበር። በሱሪ ፊት ላይ የሚታየው ፓርዜኒትሳ የተባለው ጌጥም መነሻው የሱሪው መክፈቻ እንዳይተረተር የተሰፋ ተራ የክር ገመድ ነው።

ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በሰሜን፣ በባልቲክ ባሕር አጠገብ ያለው የካሹብያ ታሪክ ነው። በዚያ የዡኮቮ ገዳም መነኮሳይያት አልባሳተ ክህነት ይጠልፉ፣ ልጃገረዶችንም ያስተምሩ ነበር። ባለጸጋ ሴቶች የሚደፉት በወርቅና በብር ክር የተጠለፈ ቆብም ከገዳማት የእጅ ሥራ የመነጨ ነው። በባልቲክ ዳርቻ ሮማን አይበቅልም፤ በካሹብያ ጥልፍ ላይ ግን ሮማን አለ። ከመንደር አትክልት ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ጨርቅ የተወሰደ መሆኑን ይህ ብቻ ያስረዳል። በ19ኛው መቶ ዘመን የፕሩሲያ መንግሥት ገዳሙን ዘጋ፤ ቆቡም ከጊዜ በኋላ ከመለበስ ቀረ።

የቭድዚድዜ መንደር መምህር ኢዚዶር ጉልጎቭስኪና ሠዓሊ ባለቤቱ ቴዎዶራ በ1906 አንድ አሮጌ ጎጆ ቤተ መዘክር አደረጉ። ቴዎዶራ ከቆቦችና ቀለም ከተቀቡ የቤት ዕቃዎች ላይ ንድፍ እየቀዳች የመንደሩን ሴቶች አስተማረች። መሬቱ አሸዋማ፣ ምርቱም አነስተኛ ስለ ነበረ፣ ለሽያጭ የሚጠለፈው የገበታ ጨርቅ ለቤተሰቡ መደጎሚያ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ የካሹብያ ጥልፍ የሚባለው ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የተላለፈ ሳይሆን በማስተማር የተደራጀ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም።

አሳሳቢው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየአካባቢው የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው የጥልፍ ፈለጎች ተለዩ፤ ሰባቱ ቀለማት፣ ማለትም ሦስት ዓይነት ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ጥቁር፣ እንደ ደንብ ተቆጠሩ። ለሰማያዊዎቹ የሰማይ፣ የሐይቅና የባሕር ትርጉም ተሰጣቸው። ትርጉሙ ለማስተማር ይመቻል፤ ነገር ግን ደንቡ በጸና መጠን ተማሪዋ የራሷን አበባ ለመንደፍ ያላት ዕድል ይጠባል። በ1949 የተቋቋመው ሴፔሊያ የተባለው የመንግሥት የእጅ ሥራ ድርጅት ለብዙ ጠላፊዎች ገበያ ከፈተ፤ ገበያው ግን አንድ ዓይነት ሥራ ደጋግሞ መጠየቁ አልቀረም።

የቭድዚድዜ ጎጆ በ1932 ተቃጥሎ በ1936 እንደገና ተሠራ። ቤተ መዘክሩ ዛሬም በባልና ሚስቱ ስም ይጠራል።