የባለጸጎች ሐይቅ፣ የብረት ሠራተኞች ከተማ

በ1880ዎቹ፣ ከፒትስበርግ በስተምሥራቅ ባሉት የፔንስልቬኒያ ተራሮች ላይ፣ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሐይቅ ነበር። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዳርቻው 47 ክፍሎች ያሉት የክለብ ቤትና 16 የእረፍት ቤቶች ተሠርተዋል፤ በውሃው ላይ በእንፋሎት የሚሄዱ ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች ይንሸራሸራሉ። ባለቤቱ የሳውዝ ፎርክ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ ነው። ከስድሳ ያህል አባላቱ መካከል የብረት ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ፣ በከሰል የከበረው ሄንሪ ክሌይ ፍሪክና የባንኩ ሰው አንድሩ ሜለን ይገኙበታል። ከዚያው 23 ኪሎ ሜትር ቁልቁል፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ጠባብ ሸለቆ፣ ጆንስታውን ብረት ታቀልጣለች። ሐይቁ ከከተማዋ ወደ 140 ሜትር ከፍ ይላል። ውሃውን ይዞት የነበረው 22 ሜትር ከፍታና 280 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ የአፈር ግድብ ነው።

ግድቡ ሲሠራ መዝናኛ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የፔንስልቬኒያ መንግሥት በ1838 ጀምሮ፣ እያቋረጠ፣ በ1853 የጨረሰው በደረቅ ወራት ውሃ ለሚያጥረው የጀልባ ቦይ ማጠራቀሚያ እንዲሆን ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን ባቡሩ ቀድሞት ደረሰና ቦዩ ሥራ ፈታ። በ1857 ከነቦዩ ለባቡር ኩባንያው ተሸጠ፤ ኩባንያው የፈለገው መስመሩን እንጂ ኩሬውን አልነበረምና ዞር ብሎም አላየው። በ1862 ከግድቡ ሥር ያለው የድንጋይ መተላለፊያ ተደረመሰና የግድቡን መሃል ይዞት ሄደ። ያን ጊዜ ውሃው ጥቂት ስለነበር ብዙ ጉዳት አልደረሰም።

ከዚያ በ1875 ጆን ራይሊ የሚባል የምክር ቤት አባል ቦታውን ገዛ። በግድቡ ሥር አምስት ወፋፍራም የብረት ቧንቧዎች ነበሩ፤ ሐይቁ ሲሞላ የሚከፈቱ፣ ግድቡ ጥገና ሲያሻው ውሃውን የሚቀንሱ። ራይሊ ነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ሸጣቸው። አራት ዓመት ቆይቶ ግድቡን በ2,000 ዶላር ለቀጣዩ ገዢ ሲያስተላልፍ፣ ሐይቁን ሆን ብሎ ለማጉደል የሚያስችል መሣሪያ ከእንግዲህ አልነበረውም። የኋላውን ታሪክ ለሚከታተል ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ሽያጭ ነው። ሌላው ጥፋት ሁሉ ሊታረም ይችል ነበር፤ ውሃው የማይጎድል ግድብ ግን እንዴት ይጠገናል?

ገዢው ቤንጃሚን ራፍ ነው፤ በባቡር ሥራ ተቋራጭነት የኖረና የክለቡን ሐሳብ ያመነጨ ሰው። የተሸነቆረውን መሃል በድንጋይ፣ በጭቃ፣ በቅርንጫፍ፣ በድርቆሽ፣ በፈረስ ፋንድያም ጭምር ደፈነው። የመጀመሪያውን ድፍን ዝናብ ጠርጎ ወሰደበት፤ እንደገና ደፈነ። በ1881 ሐይቁ ሞላ፤ ከኢሪ ሐይቅ በልዩ ፉርጎ አንድ ሺህ ዓሣ ተጭኖ መጥቶ ተለቀቀበት።

ለተዝናኞቹ ሲባል ሁለት ነገር ተለወጠ። ሁለት ሠረገላ ጎን ለጎን እንዲያልፍ የግድቡ አናት ወደ አንድ ሜትር ገደማ ተቆርጦ መንገድ ሆነ። ከግድቡ ጥግ ባለው የጎርፍ ማስተንፈሻ ላይ ድልድይ ተሠርቶ፣ ዓሣው ከውሃው ጋር እንዳያመልጥ የብረት ወንፊት ተገጠመበት። የተደፈነው መሃል ደግሞ ቀስ በቀስ ሰመጠ፤ ከሁሉም ከፍ ማለት የሚገባው ቦታ ከሁሉም ዝቅ አለ። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ሲሻገር አይችልም፤ ጅረቱ ከታችኛው ተዳፋት ጀምሮ አፈሩን እየቦረቦረ ወደ ላይ ይወጣል። ሠረገላና ዓሣ የጠየቁት ለውጥ ግድቡን ወደዚያ የሚገፋ ነበር።

የሚያስጠነቅቅ ሰው አልጠፋም። የጆንስታውን ትልቁ አሠሪ የካምብሪያ ብረት ኩባንያ ነበር፤ ኃላፊው ዳንኤል ሞሬል በ1880 መሐንዲሱን ጆን ፉልተንን ላከው። ፉልተን ሁለት ከባድ ጉድለት አገኘ፦ ውሃ ማውጫ ቧንቧ የለም፤ ጥገናውም የማያስተማምን ስለሆነ ውሃ ያሾልካል። ራፍ ግን ከእኛ ሥራ የሚመጣባችሁ አደጋ የለም የሚል መልስ ላከ። ሞሬል ለጥገናው ወጪ ከኪሴ እጋራለሁ ቢልም አልተቀበሉትም። በመጨረሻ የክለቡን አባልነት ገዝቶ ከውስጥ ሆኖ ሊከታተል ሞከረ፤ በ1885 ሞተ። ራፍም በ1887 ተከተለው። ክርክሩን ያካሄዱት ሁለቱም ሰዎች ስለሌሉ ጉዳዩ ተረሳ።

ዕለቱ ዓርብ ሜይ 31 ቀን 1889፣ በእኛ ግንቦት 24 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር፤ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሦስት ወር አልሞላም። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ሐይቁን አፋፍ አድርሶታል። የክለቡ ፕሬዚዳንት ኢላያስ አንገር ለፍሳሽ ቦይ ሥራ የመጡትን ጣሊያናውያን የቀን ሠራተኞች ሰብስቦ፣ ከፊሉን አናቱን በማረሻ አፈር ቆልሎ እንዲያሳድግ፣ ከፊሉን በሌላው ጥግ አዲስ ማስተንፈሻ እንዲቆፍር አዘዘ። የዓሣ ወንፊቶቹን ለመንቀል ሲሞከር ግንድና ቅጠል ተሰግስጎባቸው ንቅንቅ አላሉም። ወጣቱ መሐንዲስ ጆን ፓርክ በፈረስ ጋልቦ ወደ ቴሌግራፍ ጣቢያ ማስጠንቀቂያ አደረሰ፤ ታች ያለው ሕዝብ ግን በየዓመቱ ግድቡ ሊናድ ነው ሲባል ሰምቶ የለመደ ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ግድቡ ተናደ። ውሃው መንደር፣ ዛፍ፣ ባቡርና ከአንድ የሽቦ ፋብሪካ ያነሣውን እሾሃማ ሽቦ ይዞ፣ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጆንስታውን ደረሰ። ግሳንግሱ ሁሉ ከድንጋዩ የባቡር ድልድይ ላይ ተከምሮ ቆመ፤ ማምሻውን እሳት ተነሣበት። 2,209 ሰው ሞተ። ከነዚህ ውስጥ 777ቱ ማንነታቸው ሳይታወቅ ተቀበሩ።

ክሱስ? የክለቡ ሀብት ያው የፈረሰው ግድብና የደረቀው ሐይቅ ነበር። ጠበቃው ፊላንደር ኖክስ ራሱ የክለቡ አባል ነው፤ በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል። ክለቡን በፍርድ ቤት የረታ አንድም ተጎጂ የለም። ክለቡ አንድ ሺህ ብርድ ልብስ ላከ፤ የካርኔጊ ኩባንያ 10,000 ዶላር ሰጠ፤ ካርኔጊ ቤተ መጻሕፍትም አሠራ፤ ሕንጻው ዛሬ የጎርፉ ሙዚየም ነው። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርቱን በ1890 መጀመሪያ ጨርሶ እስከ 1891 ሳያወጣ ያዘው፤ ሲያወጣውም ግድቡ እንደ መጀመሪያው ፕላን ቢቆይም ኖሮ መሰበሩ አይቀርም አለ። በ2016 የታተመ ጥናት ቦታውን በዘመናዊ መለኪያ ለክቶ፣ አናቱ ባይቆረጥ ኖሮ ማስተንፈሻው ከእጥፍ በላይ ውሃ ያሳልፍ እንደነበርና የዚያን ቀን ዝናብ ይችለው እንደነበር አሰላ። የክለቡን ስም የሸፈነው ሪፖርት 125 ዓመት ያህል አገልግሏል ማለት ነው።

በአሜሪካ ከ90,000 በላይ የተመዘገቡ ግድቦች አሉ፤ አብዛኛው የግል ነው፤ ብዙውም ለመዝናኛ የሚውል ነው። የአንዳንዶቹ ታሪክም የሳውዝ ፎርክን ይመስላል፦ ለአንድ ሥራ ተሠርተው፣ ሥራው ሲቀር ሐይቁ ያማረው ሰው ይወርሳቸዋል። በጆርጂያ የቶኮአ ከተማ የኬሊ ባርንስ ግድብ ለኤሌክትሪክ ያገለግል ነበር፤ ከ1957 በኋላ በአቅራቢያው ላለ ኮሌጅ መዝናኛ ብቻ ሆነ። በኖቬምበር 1977 ሌሊት ተሰብሮ 39 ሰው ገደለ። ግድቦች እንዲመረመሩ የሚያዘው ሕግ በ1972 ወጥቶ በጀት አጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ የጆርጂያው ተወላጅ ፕሬዚዳንት ካርተር ምርመራው እንዲጀመር ያዘዙት ከዚህ በኋላ ነው። እስከ 1981 ወደ 9,000 የሚጠጉ አደገኛ ሥፍራ ላይ ያሉ ግድቦች ታዩ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል አስጊ ሆኖ ተገኘ። ዋናው ችግር የማስተንፈሻ ጥበት ነበር።

በማርች 2006 በሃዋይ የካሎኮ ግድብ ፈርሶ ሰባት ሰው ሞተ። ለሸንኮራ እርሻ በ1890 የተሠራ፣ በኋላ የግለሰብ ይዞታ የሆነ ግድብ ነው። ባለቤቱ ማስተንፈሻውን በአፈር አስደፍኗል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ2014 የሰባት ወር እስራት ተፈረደበት።