ጎል ያገባ ለምን ይቀጣል?

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ብሂል ስለ ጨዋታ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በራሱ ሕግ ነው። በገና ዕለት ያሸነፈው ወገን ይጨፍራል፣ ይሸልላል፣ የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጣል። ጌታም ቢሆን በሎሌው ሲሸነቆጥ ተቆጥቶ አይቀጣም። ነገር ግን ፈቃዱ ወሰን አለው። የሚሠራው በዕለቱና በሜዳው ብቻ ነው። በማግስቱ ሎሌም ሎሌ፣ ጌታም ጌታ ነው። አባቶቻችን ደስታን አልከለከሉም፤ ቦታና ጊዜ ሰጡት እንጂ።

ይህን ብሂል እንዳነሳ ያደረገኝ እግር ኳስ ነው። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የደምቢያ ከተማ፣ በቆላ ድባ፣ ክረምቱ አልፎ ዋልካው መሬት ሲደርቅ ወጣቶች ኳሳቸውን ይዘው ሜዳ ይወጣሉ። ጎል ያገባ ልጅ ማሊያውን አውልቆ እያውለበለበ ይሮጣል። ጓደኞቹ ይከመሩበታል። ከዳር የቆመውም እስክስታውን ያስነካዋል። ፊሽካ የያዘው ሰው ደንብ አዋቂ ከሆነ ግን እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ቢጫ! ያን ጊዜ ከሜዳው ዳር የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምን አጠፋ?»

ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ነውና የሕግ መልስ ይገባዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ፊፋ ብቻውን አይደለም። የአራቱ የብሪታንያ ማኅበራትና ፊፋ በጋራ የሚቀመጡበት ዓለም አቀፍ ቦርድ ነው። የቦርዱ ሕግ ቁጥር 12 ስለ ጎል ደስታ የሚናገረው ሰዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ተጫዋቾች ጎል ሲቆጠር ደስታቸውን መግለጽ እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ደስታው ከልክ እንዳያልፍና ሰዓት እንዳያባክን ግን ያሳስባል። ለደስታ ብሎ ከሜዳው መስመር መውጣት እንኳ በራሱ ቢጫ ካርድ አያሰጥም። ቶሎ መመለስ ብቻ ይጠበቅበታል።

ቢጫ ካርድ ግዴታ የሚሆነው በአራት ሁኔታዎች ነው። አንደኛው፣ አጥር ላይ መውጣት ወይም የደኅንነት ችግር በሚፈጥር መንገድ ወደ ተመልካች መጠጋት ነው። ሁለተኛው፣ ሌላውን በሚያነሳሳ፣ በሚያፌዝ ወይም በሚያናድድ ሁኔታ መጨፈር ነው። ሦስተኛው፣ ፊትን ወይም ራስን በጭምብልና በመሳሰለው መሸፈን ነው። አራተኛው፣ ማሊያ ማውለቅ ወይም በማሊያ ራስን መሸፈን ነው። ይህ የማሊያ ጉዳይ ግዴታ ሆኖ የጸናው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ጎሉ ቢሻር እንኳ ካርዱ እንደማይሻር በግልጽ ተደንግጓል። እንግዲህ ልጁ ጎሉንም ያጣል፣ ቢጫውንም ይዞ ይመለሳል ማለት ነው።

እነዚህን አራቱን አስተያይቶ ላየ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ሁለቱ ሌላን ሰው የሚጎዱ ናቸው። አጥር ላይ የወጣ ተጫዋች ሕዝቡን ወደ አጥሩ ይስባል፣ አጥር ከተደረመሰ ሰው ይሞታል። በተቃራኒ ደጋፊ ላይ ያፌዘም ድንጋይ ያስወረውራል። ማሊያውን ያወለቀ ግን ማንን ጎዳ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ሲገኙ እንደሆነ ይናገራል። እርግጥ ነው፣ ቢጫ ካርድ የወንጀል ቅጣት አይደለም። ሆኖም ሚዛኑን ብንዋሰው የሚጠቅመን ይመስለኛል። ማሊያ በማውለቅ ውስጥ የተከለከለ ድርጊት አለ፣ የሚከለክለውም ሕግ አለ። ክፉ ሐሳብ ግን የለም። የተጎዳ ሰውም የለም።

ለሕጉ የሚቆሙ ሰዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። ማሊያ ሲወልቅ ሰዓት ይባክናል፣ ከሥር መፈክር የተጻፈበት ልብስ ሊገለጥ ይችላል፣ ለማሊያው ገንዘብ የከፈለው ድርጅት ስምም ከካሜራ ይሰወራል ይላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው መከራከሪያቸው ደግሞ ሕጉ ለዳኛው ግልጽ መሆኑ ነው። ቀይ የትራፊክ መብራት መንገዱ ባዶ ቢሆንም ያስቆማል። «ማሊያ ወለቀ ወይስ አልወለቀም?» የሚለው ጥያቄ ክርክር አያስነሳም። «ያናድዳል ወይስ አያናድድም?» የሚለው ግን ያከራክራል። እውነት ነው። ነገር ግን ግልጽ የሆነ ሕግ ሁሉ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም።

ዳኛው የጨበጠው እጅ

ሦስት ምሳሌዎችን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስፔናዊው አንድሬስ ኢንዬስታ በጭማሪው ሰዓት ኔዘርላንድስ ላይ ጎል አገባና ማሊያውን አወለቀ። ከሥር የለበሰው ልብስ ባለፈው ዓመት በድንገት የሞተውን የሙያ ጓደኛውን ዳኒ ሃርኬን የሚያስታውስ ጽሑፍ ነበረበት። ዳኛው ሃዋርድ ዌብ ቢጫ አሳየው። ለሟች ጓደኛ የተደረገ መታሰቢያ በደንቡ ሚዛን ከጥፋት ተቆጠረ።

ሁለተኛው በኅዳር 2015 ዓ.ም. በኳታር የሆነው ነው። የካሜሩኑ ቪንሰንት አቡበከር በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብራዚልን ያሸነፈችበትን ብቸኛ ጎል ለአገሩ አገባ። ማሊያውን አወለቀ። ከዚያ በፊት ቢጫ ነበረበትና ቀይ ተከተለ። ዳኛው ኢስማኢል ኤልፋት መጀመሪያ ፈገግ ብሎ እጁን ጨበጠው፣ ቀጥሎም ቀዩን አሳየው። ይህን ያየ ሕግ አዋቂ ምን ይላል? ቀጪው ራሱ ተቀጪውን «አበጀህ» እያለ የሚቀጣበት ሕግ አንድ ቦታ ላይ ጠሟል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሌላውን ገጽ ያሳየናል። በጥር 2016 ዓ.ም. በእስያ ዋንጫ ኢራቅ ዮርዳኖስን 2 ለ 1 እየመራች ሳለ ጎሉን ያገባው አይመን ሁሴን ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣር የሚበላ መስሎ ተጫወተ። ዮርዳኖሶች ቀደም ሲል ያደረጉትን መልሶ በማሳየቱ እንደ ፌዝ ተቆጠረበት። ሁለተኛ ቢጫ፣ ከዚያም ቀይ። ኢራቅ በ10 ሰው ቀርታ በጭማሪ ደቂቃዎች ሁለት ጎል ተቆጠረባትና 3 ለ 2 ተሸንፋ ከውድድሩ ወጣች። የአንድ ሰው የደቂቃ ጨዋታ የአንድ አገር ሕዝብን ቤት አስቀረ። ጥፋት ቢኖር እንኳ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል?

የቢጫ ጭራ

«አንድ ቢጫ ምን አላት?» የሚል አንባቢ ቢኖር ከእኛ ከኢትዮጵያውያን በላይ መልሱን የሚያውቅ የለም። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ረታ። አገሩ በጭፈራ ተናወጠ፤ ምድቡን ጨርሰናል ብለን ነበር። ይሁንና ምንያህል ተሾመ ቀደም ባሉ ሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ቢጫ አይቶ ስለነበር በቦትስዋናው ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። የቆጠረ ሰው አልነበረም። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን በይፋ አመነ። ፊፋ ጨዋታውን ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ፤ ሦስት ነጥብ ተወሰደብን። ወደ መጨረሻው ዙር ማለፋችን የተረጋገጠው ጳጉሜን 2 ቀን ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክን ኮንጎ ብራዛቪል ላይ ካሸነፍን በኋላ ነው።

እነዚያ ካርዶች በምን ምክንያት እንደታዩ እዚህ ላይ ጉዳያችን አይደለም። ጉዳያችን ቢጫ ጭራ ያላት መሆኗ ነው። ዛሬ ታይታ ከወራት በኋላ ትቀጣለች። በኃይለኛ ሸርተቴ የሰው እግር የመታውም፣ በደስታ ማሊያውን ያወለቀውም በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ቁጥር ይጻፋሉ። የኔ ክርክር እዚህ ጋ ነው። ካርዱን የሚያዘው የጨዋታው ሕግ ነው፤ እኛ ልንቀይረው አንችልም። ስንት ቢጫ ስንት ጨዋታ እንደሚያሳግድ የሚወስነው ግን የየውድድሩ ደንብ ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች አምስት ቢጫ ያየ አንድ ጨዋታ ይታገዳል። በዓለም ዋንጫ ደግሞ ሁለት ቢጫ ያሳግዳል። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰው የጻፈው ነው።

ሊቀጣ የሚገባው የትኛው ነው?

ይህን ስል ደስታ ሁሉ ይለፍ ማለቴ አይደለም። የእኛ ስታዲየሞች ያለፉበትን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የወልድያና የመቐለ ቡድኖች ሊያደርጉት የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል። ኳሷ ሳትነካ እንዲህ ከሆነ፣ ጎል ያገባ ተጫዋች በተቃራኒ ደጋፊ ፊት ቆሞ የዘር ወይም የፖለቲካ ምልክት ቢያሳይ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አውሮፓውያኑም ይህን አልፈቀዱም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያው የዓለም ዋንጫ ስዊዘርላንዳውያኑ ዣካና ሻኪሪ ሰርቢያ ላይ ጎል አግብተው ባለ ሁለት ራሱን የአልባኒያ ንስር በእጃቸው ስላሳዩ ፊፋ እያንዳንዳቸውን 10 ሺሕ የስዊዝ ፍራንክ ቀጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአውሮፓ ዋንጫ ቱርካዊው ሜሪህ ዴሚራል የተኩላ ምልክት አሳይቶ ሁለት ጨዋታ ታግዷል።

ይህ ማለት ግን ምልክት ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳ መስመሩን ሲያልፍ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር። የኦሊምፒክ ቻርተር ፖለቲካዊ ሰልፍን ይከለክላል። ሆኖም የብር ሜዳልያው አልተወሰደበትም። ፈይሳ ከጎኑ በሚሮጠው ተፎካካሪ ላይ አላፌዘም፤ የተሰደበም ተመልካች አልነበረም። አቤቱታው ወደ መንግሥት ነበር። እንግዲህ መለያው «ፖለቲካ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «እዚያው የቆመውን ሰው ያዋርዳል ወይ? አደጋስ ይጠራል ወይ?» የሚለው መሆን አለበት።

ሕግ ሊስተካከል እንደሚችል አሜሪካኖቹ አሳይተውናል። በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት በእነሱው እግር ኳስ፣ ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ ነጥብ ማግባት ታችዳውን ይባላል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ያለው ቡድን ተጫዋቾች ተሰብስበው እየዘለሉ መጨፈር ሲያበዙ፣ ሊጉ እ.ኤ.አ. በ1984 የቡድን ጭፈራን የሚገድብ ደንብ አወጣ። በ2006 ይበልጥ አጠበቀው። አጥፊው ቡድን 15 ያርድ፣ ማለትም ወደ 14 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይቀጣ ነበር። ተመልካቹ አማረረ፣ «የደስታ ጠላት» የሚል ስም ለሊጉ ተሰጠው። በ2017 ሊጉ ደንቡን አላላ። የቡድን ጭፈራም፣ መሬት ላይ መንከባለልም ተፈቀደ። ተቃራኒን ማዋረድና ጸያፍ ምልክት ማሳየት ግን እንደተከለከለ ቀረ። ያ መስመር ትክክለኛ መስመር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የአገራችን ውድድር አዘጋጆች የውድድር ደንባቸውን ሲያሻሽሉ በማሊያ ማውለቅ ብቻ የተሰጠ ቢጫ ለእገዳ እንዳይቆጠር ቢመክሩበት መልካም ነው። ዳኛው ካርዱን ያሳይ፣ ሕጉም ይከበር፤ ጭራው ግን ይቆረጥ።

ሁለተኛ፣ በአንጻሩ በተመልካች ላይ ለሚደረግ ስድብና ማናደጃ ቅጣቱ ይጥበቅ። ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማ ሲገናኙም ሆነ ከሌላው ክልል ቡድን ሲመጣ፣ አጥቂው ሕዝብ እንዳያባላ የማወቅ ግዴታ አለበት።

ሦስተኛ፣ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ከተሞች ለሚደረጉ የወጣቶችና የሠፈር ውድድሮች የጨዋታው ሕግ ራሱ በር ከፍቷል። የአገሩ ፌዴሬሽን ከፈቀደ፣ ለተመረጡ ጥፋቶች ቢጫ ያየ ተጫዋች ለጥቂት ደቂቃ፣ በ90 ደቂቃ ጨዋታ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ ከሜዳ ወጥቶ እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል። በተቃራኒ ወገን ላይ ያፌዘ ጎረምሳ 10 ደቂቃ ዳር ቢቀመጥ የእሱም የሕዝቡም ደም ይበርዳል። ቅጣቱም እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል፤ ለቀጣዩ ሳምንት ቂም አያስተርፍም።

አራተኛና የመጨረሻው ለተጫዋቾች ነው። ሕጉ እስካልተለወጠ ድረስ ሕግ ነው። ማሊያህን አውልቀህ ቡድንህን በ10 ሰው ብታስቀር «ሕጉ ጠማማ ነው» ማለት ነጥብ አያስመልስም። በማሊያህ ውስጥ ሆነህ ጨፍር። እስክስታ ለመውረድ ትከሻ እንጂ ራቁት ገላ አያስፈልግም።

አባቶቻችን የገናውን ጌታ እንዳይቆጣ ያደረጉት ስድብን ስለወደዱ አልነበረም። ደስታ መውጫ ካጣ ወደ ቂም እንደሚዞር ስላወቁ ነው። ደስታውን ሜዳው ላይ ፈቀዱለት፣ ከሜዳ ውጭ ግን ከለከሉት። የዘመኑ የእግር ኳስ ሕግ ደግሞ ያልጎዳውንም የጎዳውንም በአንድ ካርድ ይመታል። ሁለቱን መለየት ለዳኛውም፣ ለተጫዋቹም፣ ለተመልካቹም ይበጃል።

ቸር ይግጠመን!