ግድግዳው ለምን አያሳልፍም?

እጁን ግድግዳ ላይ ያሳረፈ ሰው ለምን ሰርጎ አይገባም? «ግድግዳ ስለሆነ ነዋ!» ይባል ይሆናል። የሚገርመው፣ ታላላቅ ፈላስፎችም ለረጅም ጊዜ ከዚህ ብዙም የራቀ መልስ አልነበራቸውም።

እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1690 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ፍሎረንስ ላይ ተደረገ የተባለ ሙከራ ይተርካል። ውስጡ ክፍት የሆነ የወርቅ ኳስ ውሃ ተሞልቶ ይደፈንና በመጭመቂያ ይጨመቃል። ውሃው በመታመቅ ፈንታ በወርቁ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ ውጭው ላይ እንደ ጤዛ ወጣ። ለሎክ ይህ በቂ ነበር፦ ለስላሳው ውሃ እንኳ ቦታውን ለሌላ አያጋራም፤ ጠጣር ነውና። ጠጣርነት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ ድንጋይ በመዳፎቹ መሃል ይዞ እጆቹን ለማጋጠም ይሞክር አለ። አፍ የሚያስይዝ መልስ ነው፤ ማብራሪያ ግን አይደለም።

ካንት በ1786 በዚህ አልረካም። ሁለት አካላት አንድ ቦታ ሊይዙ አይችሉም የሚል የሎጂክ ሕግ የሚመጣን ድንጋይ አይመልስም፤ የሚመልሰው ገፊ ኃይል ነው ሲል ተከራከረ። ቦስኮቪችም በ1758 ለዚህ የቀረበ ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

ከዚያ ወርቅ እንደገና ተፈተነ። በ1909 ማንችስተር ውስጥ፣ በራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ፣ ጋይገርና ማርስደን አልፋ ቅንጣቶችን በጣም ስስ በሆነ ወርቅ ላይ ለቀቁ። አብዛኞቹ ምንም እንዳልገጠማቸው ሆነው አለፉ፤ እጅግ ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ነጠሩ። ራዘርፎርድ በ1911 ምክንያቱን ተናገረ፦ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል የተከማቸው እጅግ ጥቃቅን በሆነ እምብርቱ ውስጥ ነው። የሎክ ጠጣር ወርቅ ወንፊት ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ እጅ ለምን አያልፍም? «ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ» የሚለው የተለመደ መልስ ግማሽ እውነት ነው። አቶም ውስጥ የሚሳሳብም ኃይል አለና፣ ኤሌክትሪክ ብቻውን ቢሆን ቁስ ወደ ውስጥ በተኮማተረ ነበር። ያዳነን ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 ያወጣው ሕግ ነው፦ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት ሁኔታ መያዝ አይችሉም። ተጨማሪ ኤሌክትሮን ሲመጣ የተያዘውን ትቶ ሌላ፣ ከፍ ያለ ጉልበት የሚጠይቅ ሁኔታ ይፈልጋል፤ ቁስም ቦታ የሚይዘው በዚህ ነው። ካንት ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? የፓውሊ ሕግ የሎጂክ ሕግ ባይሆንም፣ ገፊ ኃይልም አይደለም።

ግዙፍ ቁስ ሳይኮማተር የሚጸናው በዚህ ሕግ መሆኑን ፍሪማን ዳይሰንና አንድሩ ሌናርድ በሒሳብ ያረጋገጡት በ1967 ነው። የሰው ልጅ ጨረቃን ሊረግጥ የቀረው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር።