ከተአምረኛው ጀግና ወደ ተራው ሰው፤ ስለ ዊል አይዝነር የሥዕል ታሪኮች

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መናገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በሸራ ላይ በረድፍ በረድፍ ተከፋፍሎ፥ ብዙ ጊዜም በ44 ክፍል ተሥሎ፥ ከየሥዕሉ ጋር አጭር ጽሕፈት እየታከለበት ሲሸጥ ስለ ኖረ፥ ዓይን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተሻገረ ታሪክ መከተልን ከለመደ ቆይቷል። ዳሩ ግን በአሜሪካ «ኮሚክ» የተባለው የሥዕል ታሪክ ከልጆች ማጫወቻነት ተነሥቶ «ግራፊክ ኖቭል» እስከ መባል የደረሰበት መንገድ ሌላ ነው። ይህንም መንገድ ከሞላ ጎደል ሙሉውን የተጓዘ አንድ ሰው ቢፈለግ ዊል አይዝነር ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይዝነር በ1917 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ሰፈር ከስደተኞች አይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ የቴአትር መድረክ መጋረጃ ይሥል የነበረ ሰው ነው። ልጁ በ1936 ከባልደረባው ከጄሪ አይገር ጋር የሥዕል መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም፥ ሥራው እንደ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፥ ሁለተኛው በቀለም ያጠብቃል፥ ሦስተኛው ፊደሉን ይጽፋል። በ1938 ሱፐርማን ታትሞ ከወጣ በኋላ አሳታሚዎች ሁሉ ልዩ ልብስ ለብሶ የሚበር ጀግና ብቻ ይጠይቁ ጀመር። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ሲግልና ሹስተር ግን መብታቸውን በ130 ዶላር ሸጠው ስለ ነበር፥ ከተገኘው ከፍ ያለ ሀብት የደረሳቸው እጅግ ጥቂት ነው።

አይዝነር ይህን ስሕተት አልደገመም። «ዘ ስፒሪት» የተባለው ሥራው ሰኔ 2 ቀን 1940 ሲጀመር ባለቤትነቱ የሠዓሊው እንዲሆን በውል አስገብቷል። ደግሞም ታሪኩ የሚወጣው ለብቻው በሚሸጥ የልጆች መጽሔት ሳይሆን ከእሑድ ጋዜጣ ጋር በሚታደል ባለ 16 ገጽ ክፍል ስለ ነበረ፥ አባትና እናትም ያነቡታል። ለውጡ ከዚህ እንደ ጀመረ መገመት ይቻላል፤ ሠዓሊው ለማን እንደሚሥል ሲያውቅ የሚሥለውም ይለወጣልና። አሳታሚዎቹ እንደ ልማዳቸው ልብሱ የተለየ ጀግና ቢፈልጉ፥ አይዝነር ኮትና ባርኔጣ ለለበሰው መርማሪ የዓይን መሸፈኛና ጓንት ብቻ ጨመረለት። የእጁ ጥበብ የሚታየው በመጀመሪያው ገጽ ነው። የታሪኩን ስም አንዳንድ ጊዜ እንደ ሕንፃ ገንብቶ፥ አንዳንድ ጊዜም በዝናብ ውስጥ በትኖ ይሥለዋል።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ለይቶ ማየት ይበቃል። መስከረም 5 ቀን 1948 የወጣው የጌርሃርድ ሽኖብል ታሪክ ነው። ሽኖብል በልጅነቱ መብረር እንደሚችል አወቀ፤ ወላጆቹ ግን እንደ ሰው ሁሉ እንዲሆን ስለ ገሠጹት ስጦታውን ደብቆ በተራ ሥራ አረጀ። በመጨረሻ ለዓለም ሊያሳይ ከረጅም ሕንፃ ላይ ዘለለ፤ በረረም። በዚያው ሰዓት ስፒሪት ከወንበዴዎች ጋር በጣሪያው ላይ ይታኮስ ስለ ነበር፥ የባዘነ ጥይት ሽኖብልን መታው። መብረሩን ማንም ሳያይ ወድቆ ሞተ። ሱፐርማን በታየ በ10 ዓመቱ የሚበር ሰው በሰባት ገጽ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍጻሜ አገኘ፤ ጀግናው በሥፍራው ቢኖርም ያላየው አላፊ አግዳሚ ከመሆን አላለፈም።

ስፒሪት በ1952 ተቋረጠ። በ1954 የሥነ ልቡና ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርተም ኮሚክ ወጣቶችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ የአሜሪካ ሴኔትም ጉዳዩን መረመረ፤ አሳታሚዎች ፈርተው የራሳቸውን የቁጥጥር ደንብ አወጡ። አይዝነር በዚህ ዘመን ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመኪናና የመሣሪያ አያያዝ የሚያስተምሩ ሥዕሎች ይሠራ ስለ ነበር ማዕበሉ አልነካውም።

በ1978 ግን 61 ዓመት ሲሆነው ጀግና የሌለበት መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ «ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ውል» ማለት ነው። (በአማርኛ «ኪዳን» ቢባል ይሻል ይመስላል፤ ነገር ግን ደራሲው የፈለገው የገበያና የፍርድ ቤት ቃል ስለ ሆነ «ውል» ይስማማዋል።) በብሮንክስ ሰፈር በአንድ የድኾች ሕንፃ የሚኖር ፍሪሜ ሄርሽ የተባለ አይሁዳዊ፥ በልጅነቱ ከፈጣሪው ጋር የተዋዋለውን በድንጋይ ላይ ጽፎ ይይዛል፤ ደጃፉ ላይ ያገኛትን ሕፃን እንደ ልጁ ያሳድጋል። ልጅቱ ስትሞት ውሉ ፈርሷል ብሎ ይቈጣል፤ ድንጋዩን ጥሎ ባለ ሀብትና ጨካኝ የቤት አከራይ ይሆናል። አይዝነር ራሱ በ1970 የ16 ዓመት ልጁን በደም ካንሰር ቀብሯል፤ ታሪኩ ከዚህ ኀዘን እንደ ወጣ ለአንባቢ የገለጸው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። «ግራፊክ ኖቭል» የሚለው ስም በሽፋኑ ላይ ስለ ታተመ ብዙ ሰዎች ቃሉን የፈጠረው እርሱ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ሪቻርድ ካይል የተባለ ጸሐፊ በ1964 ተጠቅሞበታል።

ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ቢሆንም፥ የሰውን ልማድና መልክ የሚመረምር አንባቢ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። በስፒሪት ውስጥ ኤቦኒ ዋይት የተባለ ጥቁር ረዳት ነበረ፤ ከንፈሩ ከመጠን በላይ ወፍሮ፥ ዓይኑ ፈጥጦ፥ ንግግሩም ለመሳቂያ እንዲሆን ተሰባብሮ የተሣለ ነው። ተራውን ሰው ለማክበር የተነሣ ብዕር ይህን መሣሉ ያስገርማል። የዘመኑ ልማድ ነበር ማለት እውነት ነው፤ ግን በቂ መልስ አይሆንም፤ ከልማዱ መውጣት እንደሚቻል ራሱ አይዝነር በሽኖብል አሳይቷልና።

ሠዓሊውም ጥያቄው አልቀረለትም። በ2003 «አይሁዳዊው ፌጂን» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቻርልስ ዲከንስ በ«ኦሊቨር ትዊስት» ክፉ ሌባ አድርጎ የጻፈውን ፌጂንን ሕይወቱን እንደ ገና ተረከለት። በመቅድሙም የኤቦኒን ነገር አንሥቶ፥ የሰው ወገን መልክ በሥዕል እንዴት እንደሚበላሽ ተናገረ። በመጽሐፉ ፍጻሜ ፌጂን ሊሰቀል ሲል በወኅኒ ቤት ዲከንስን ፊት ለፊት ያገኘዋል፤ ስለምን እንዲህ አድርጎ እንደ ጻፈውም ይሞግተዋል። አይዝነር በጥር 2005 ሞተ። ለኤቦኒ ዋይት ግን ሠዓሊውን ፊት ለፊት የሚጠይቅበት እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልሠራለትም።