ከመቃ ብዕር እስከ ቁልፍ

እቴጌ ምንትዋብ፣ ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ፣ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠሩ። ጎንደር ያኔ የመጻሕፍት አገር ነበረች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ቁስቋም በተቀመጠ ጊዜ ይህን ሀብት በዓይኑ አይቷል፤ ሲመለስም መጽሐፈ ሄኖክን ጭምር ይዞ ሄዷል።

ለዚያ ዘመን ቁም ጸሐፊ የፊደል ብዛት ሸክም አልነበረም። አንድ የመቃ ብዕር የግዕዙን 26 ፊደላት በ7 ቤት፣ 182ቱን ሁሉ ይጽፋል። የአማርኛው 33 ሲመጣም 231 ይሆናል እንጂ መቃው አይለወጥም።

የጽሕፈት መኪና ግን እንደ መቃ አይደለም። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ የብረት ክንድ ያነሣል፤ በክንዱ ጫፍ የተቀረጹት ምልክቶች ሁለት ብቻ ናቸው። ክንዶቹ ደግሞ ከሃምሳ አይዘሉም። ታዲያ 231 ፊደል፣ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ፣ መቶ በማይሞላ ቦታ እንዴት ይገባል?

ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት የተነሡት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ነበር፤ አካሉ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ። «በ» ከተመታ በኋላ ከጎኑ ጭረት ሲጨመርበት «ቡ»፣ ጭረቱ ከእግሩ ሲሆን «ቢ» ይሆናል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ አማርኛ በቢሮ ማሽን ሊጻፍ ቻለ። ዋጋም ነበረው። እንደ «ረ» ያለው ፊደል «ሩ» እና «ራ» ሲሆን መልኩን ስለሚለውጥ ለዚህ ሥርዓት አይገዛም። በታይፕ የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎችን ያየ አንባቢ ከአካሉ የተላቀቀውን ቅጥያ ያስታውሳል።

በ1940 ዓ.ም. ግድም ፊደል ይሻሻል የሚለው ክርክር ሲጋጋል ማሽኑም እንደ ምክንያት ይጠቀስ ነበር። እኔ ግን ጥያቄው የተገለበጠ ይመስለኛል። ማሽኑ ጠበበ ተብሎ ፊደል ይቀነሳል?

ጊዜ ለማሽኑ ሳይሆን ለፊደሉ ፈረደ። ኮምፒዩተር የብረት ክንድ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቁጥር አገኘ፤ የተቆረጠው ቅጥያ ወደ አካሉ ተመለሰ።

ሆኖም ቁልፉ ገና አለቀቀንም። ዛሬ በሌላው ዓለም የቁልፉን ድምፅና ክብደት መርጠው፣ ክዳኑን አስቀርጸው የገዛ ገበታቸውን የሚገጣጥሙ ሰዎች አሉ። አብዛኞቻችን ግን የላቲን ፊደል በተጻፈበት ቁልፍ በድምፅ እየገመትን አማርኛ እንጽፋለን። «ሰ» በቀላሉ ይመጣል፤ «ሠ» ግን ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ቁልፍ ይጠይቃል። የቸኮለ ጣት ይተወዋል።

ምን ቸገረ? የሚል ይኖራል። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ «ሠዐለ» ግን ሥዕል ሣለ። ምንትዋብ በጣና ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ፣ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ለማኟ እሳቸው ናቸው፤ ሠዓሊው ሌላ ነው። የቁስቋም ጸሐፊ ሁለቱን በአንድ መቃ ለይቶ ይጽፍ ነበር። የኛም የፊደል ገበታ ሁለቱን እኩል ሊያቀርብልን ይገባል፤ የምንገዛውንና የምንጭነውን ስንመርጥ በመጀመሪያ የምንፈትሸው ይህን ይሁን።