የሟች ግጥም በቀሪዎች አንደበት

እ.ኤ.አ. በ1497 ታላቁ የዜማ ደራሲ ዮሃንስ ኦከጌም ሲያርፍ፣ ጆስካን ዴፕሬ የገጣሚውን የዣን ሞሊኔን ስንኞች ይዞ የለቅሶ ዜማ ደረሰለት። ከአምስቱ ድምፆች አንዱ የሙታንን ጸሎት በላቲን ያዜማል። የቀሩት በፈረንሳይኛ ሟቹን ያነሳሉ፤ ሙዚቀኞችን፣ ጆስካንን ራሱን ጭምር፣ በስም እየጠሩ ለሐዘን ያስነሳሉ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ለሞቱ መምህራንና ወዳጆች በሉትና በክላቭሳን የመታሰቢያ ዜማ መድረስ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነ። በ1959 ሳክስፎን ተጫዋቹ ሌስተር ያንግ ሲሞት፣ ቻርልስ ሚንገስ ሁለት ወር ሳይሞላ የስንብት ዜማውን በስቱዲዮ ቀረጸ። በሁሉም ዘንድ ያለው ይደርሳል፤ የሞተው ይወደሳል።

“ሴረመኒ” የተሰኘው የጆይ ዲቪዥን ዘፈን ይህን ገለበጠው።

ጆይ ዲቪዥን የማንችስተር ባንድ ነበር። ቤዝ ጊታሩ ዜማውን ይመራል፣ ከበሮው እንደ ማሽን የደረቀ ነው፣ ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ሃኔት ደግሞ በመሣሪያዎቹ መካከል ባዶ ቦታ እየተወ የሚቀርጽ ሰው ነበር። ድምፃዊውና ገጣሚው ኢያን ከርቲስ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ መድረክ ላይ ሳለ የጣለው ጊዜም አለ። ሜይ 18 ቀን 1980፣ ባንዱ ለመጀመሪያው የአሜሪካ ጉዞ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ስሙ በአገሩ በስፋት የተሰማው ከሞተ በኋላ ነው።

ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ባንዱ ሁለት አዳዲስ ዘፈኖች እየሠራ ነበር፤ አንዱ “ሴረመኒ” ነው። ጆይ ዲቪዥን ይህን ዘፈን በመድረክ የተጫወተው አንዴ ብቻ፣ ሜይ 2 ቀን በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ በመጨረሻው ዝግጅቱ ላይ ነው።

የቀሩት የባንዱ አባላት በርናርድ ሳምነር፣ ፒተር ሁክና ስቲቨን ሞሪስ አንዳቸው ከተለዩ በአሮጌው ስም ላለመቀጠል ቀድመው ተስማምተው ስለነበር ኒው ኦርደር ተባሉ። ዘፋኝ ግን አልነበራቸውም፤ ሦስቱም በየተራ ማይክሮፎኑን ሞከሩት። የ“ሴረመኒ” ግጥምም በወረቀት አልነበረም። የቀራቸው የልምምድ ካሴት ነበር፤ የከርቲስ ድምፅ በጊታሩና በከበሮው ጩኸት ተውጧል። ቃላቱን ለይቶ ለመስማት ቅጂውን በኢኳላይዘር እያሳለፉ ማዳመጥ ግድ ሆነባቸው። የሟች ጓደኛን ድምፅ ፊደል በፊደል እየለቀሙ መዋል ምን ዓይነት ሐዘን እንደሆነ አስቡት። እንዲያም ሆኖ ዘፈኑ ስለ ሞቱ አንድ ቃል አይልም፤ ሊል አይችልምም፣ ገጣሚው ራሱ ሟቹ ነውና። ቀሪዎቹ አንድም የማወደሻ ስንኝ አልጨመሩበትም። የማደንቅላቸው ይህን ቁጥብነት ነው።

በሴፕቴምበር 1980 ሦስቱ ብቻቸውን አሜሪካ ሄዱ። ኒው ዮርክ ላይ የሙዚቃ መሣሪያቸው ተሰረቀ። ከዚያ ኒው ጀርሲ፣ ኢስት ኦሬንጅ በሚገኝ ስቱዲዮ ሃኔት ዘፈኑን ቀረጸላቸው፤ የዘፈነው ሳምነር ነው። በ1981 በፋክተሪ ሪከርድስ ታትሞ ወጣ፤ በጀርባው ያለው “ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ”ም የከርቲስ ግጥም ነበር። በእንግሊዝ ሠንጠረዥ 34ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ።

የሚገርመው፣ ጊሊያን ጊልበርት ባንዱን ከተቀላቀለች በኋላ በዚያው ዓመት ዘፈኑን እንደ አዲስ ቀርጸው አወጡት። ሁለተኛው ቅጂ የጠራ ነው፤ ብዙዎችም የሚያውቁት እሱን ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሳምነር እዚያ ላይ ገና ዘፋኝ አልሆነም፤ ዜማውን ይዞ የሚሄደው እንደ ተበደረ ሰው በጥንቃቄ ነው።

ለከርቲስ በጆስካን ወግ ያዘኑለት ቆይተው ነው። በ1985 “ሎው ላይፍ” አልበም ላይ ያለው “ኤሌጂያ” ለከርቲስ መታሰቢያ የተሠራ ቃል አልባ ሙዚቃ ነው። አልበሙ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሙሉው ቅጂ ግን ከ17 ደቂቃ ይበልጣል። ቤዝ ተጫዋቹ ሁክ በ2007 ከባንዱ ተለየ፤ በኋላም በስምና በገንዘብ ጉዳይ ፍርድ ቤት እስከመካሰስ ደረሱ። ኒው ኦርደርም ሁክ ያቋቋመው ባንድም ግን በየመድረካቸው “ሴረመኒ”ን መጫወታቸውን አልተዉም።