ከጨው ቡና እስከ ጣፋጭ እንክብል

የአገር ታሪክ የዙፋንና የጦርነት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በስኒ ውስጥ የሚጨመረውም ነገር ታሪክ አለው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ከጅማ ወደ አጋሮ ሄደን በአንድ ሽማግሌ ቤት ቡና ተጋበዝን። አባወራው ስኳሩን ለእኛ ሰጥተው፥ ለራሳቸው ከትንሽ ብልቃጥ ሁለት ነጫጭ እንክብል ጨመሩ፤ ይህ ከተገኘ ወዲህ ስለ ውፍረትም ስለ ስኳር በሽታም ማሰብ መተዋቸውን አጫወቱን። ይህንም ሲነግሩን ዳቧቸውን በማር እያጠቀሱ ይበሉ ነበር። ነገሩ እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር ወደ ኋላ መለስ ብለን ማየት ይገባናል።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሕርማታ ገበያ የጅማ እምብርት ነበረ። ከሰሜን የመጣው አሞሌ ጨው በዚያ በቡናና በማር ይለወጥ ነበር። በአካባቢውም ቡና በጨው ወይም በቅቤ፥ አንዳንዴም በጤና አዳም ይጠጣ ነበር፤ «ቡነ ቀላ» በሚባለው ሥርዓት ደግሞ ቡናው በቅቤ ተጠብሶ ይበላል። የጫካው ማር፥ በተለይ ከገተማ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር፥ ለጠጅ፥ በእስላሙም ቤት ለብርዝ ይውል ነበር እንጂ ለስኒ አልነበረም። እንግዲህ የቡና አገር ሰው ቡናውን ያለ ጣፋጭ ያውቀው እንደ ነበረ እናስተውል።

ስኳር ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የሸዋ በ1955፥ የመተሐራም በ1962 ዓ.ም. ተከተሉ። ስኳርም ቀስ በቀስ የየቤቱ እንግዳ መቀበያ ሆነ። አሁን ሒሳቡን እንመልከት፤ አንዱ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ይይዛል። በአቦል፥ በቶናና በበረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው በአንድ አፍልቶ 24 ግራም ይጠጣል፤ ጠዋትና ማታ ቢጠጣ 48 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከ50 ግራም በታች፥ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። ማርም ከዚሁ ቁጥር ይገባል።

እንክብሉ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ቆንስታንቲን ፋልበርግ የተባለ ኬሚስት በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ሳካሪንን አገኘ። ከስኳር 300 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል፤ ሰውነት ሳይፈጨው በሽንት ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስኳር ሲታጣ በኤውሮፓ ተስፋፋ። በ1970ዎቹ በአይጦች ፊኛ ላይ ነቀርሳ በመታየቱ በአሜሪካ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር፤ ጉዳቱ የአይጥ ተፈጥሮ ያመጣው መሆኑ ሲታወቅ በ2000 ተነሣለት። በ1965 የተገኘው አስፓርታም በ2023 «ምናልባት ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ተመደበ፤ ዳሩ ግን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 40 ሚሊግራም የሚለው ወሰን ሳይለወጥ ቀረ።

ስለዚህ እንክብሉ መርዝ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ መድኃኒት ነው ማለትም እንዲሁ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ክብደትን ለመቈጣጠር በእነዚህ ማጣፈጫዎች መታመን እንደማይገባ መከረ። በአጭር ጊዜ ጥቂት ክብደት ቢቀንሱም፥ ለረጅም ጊዜ በተደረገው ክትትል ጥቅማቸው አልታየም፤ አዘውትረው በሚወስዱት ዘንድም የስኳርና የልብ በሽታ በዝቶ ተገኝቷል። ቢሆንም ቀድሞ የወፈረ ሰው ወደ እንክብሉ ስለሚያዘነብል፥ ምክንያቱና ውጤቱ ገና አልተለየም። ምክሩ ስኳር በሽታ የያዛቸውን አይመለከትም፤ እነርሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

የበሽታው ስም ራሱ ሳያሳስተን አልቀረም። «ስኳር» ስለ ተባለ፥ ስኳሩን ከስኒ ያወጣ ሰው በሽታውን ያወጣ ይመስለዋል። ነገር ግን የምግቡ ብዛት፥ የሰውነት አለመንቀሳቀስ፥ የዘርም ውርሻ አሉበት። ሽማግሌው ከስኒው ያስቀሩትን በዳቧቸው ላይ መለሱት።

ወደ ጨው ቡና እንመለስ አንልም፤ የበዛ ጨው የደም ግፊትን ያሳድጋልና። ነገር ግን የጅማ ስኒ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ የአፍ ልማድ በአንድ ትውልድ የተተከለ ከሆነ በትዕግሥት ሊነቀልም ይችላል። ሦስት ማንኪያ የለመደ ወደ ሁለት፥ ቀጥሎም ወደ አንድ ይውረድ። ያን ጊዜ የቡናውን የራሱን ጣዕም አባቶቻችን እንዳወቁት ያውቀዋል።